ሁለት ጣት ያህል

እሑድ ጠዋት፣ ኡባልዶ፣ ድምፅ ልሰጥ ወጣሁ፤
መብራት ስለሌለ ካውያ ያልነካው ሸሚዝ ለብሼ መጣሁ።
ትምህርት ቤቱ ያው ነው፤ ያው ጥቁር ሰሌዳ፣
ስምህን በጠመኔ የጻፉበት ያኔ፤ ያው የተላጠ ግድግዳ።
ሣጥኑን የሚጠብቁት ቀይ ሻርፕ ያሰሩ ሁለት ሕፃናት፣
መዳፋቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ቆመዋል በኩራት።
ወረቀቱን በግራ እጄ ደገፍኩት፣
በአራት ጣት።

አምስተኛዋ ካማግዌይ ቀረች፤ አንተ ታውቃለህ።

«ስታዲየም ድረሱ» አለ ቴሌግራሙ፣ «ማንኪያና ፎጣ ይዛችሁ»፤
ቤዝቦል ሊያጫውቱን መስሎኝ ስቄአለሁ።
ባቡሩ መስኮቱ በጣውላ ተመቶ
ሲከንፍ አደረ፤ በሩ ሲከፈት ሽቦ አጥር ታየ፣ ማሳውን ከቦ፣ ተዘርግቶ።
«ሥራ ወንድ ያደርጋል» ይላል ሰሌዳው፣ ከበሩ ላይ ተሰቅሏል፤
ገጀራ ግን ይህን አያነብ፣ ያገኘውን ይቆርጣል።
ሸሚዝህን ቀደህ አሰርክልኝ። እኔ የማስታውሰው ሌላ፦
«የቀረውን ማሳ ማን ሊጨርስ ነው?» አለ ሌተናንቱ፣ ብርቱካን እየበላ።

ካምፑ ተዘጋ። ማንም ይቅርታ አላለ፤
ሽቦው ተነቅሎ ለከብት አጥር ዋለ።

ከዓመታት በኋላ ሕጉ ላላ፤ አንቀጹን ሰረዙ፤
ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላ እንቁላል ይዘው ደጃችንን ያዙ።
እንቁላል እኮ በራሽን ነበር፣ በካርድ፣ ለአንድ ሰው ስድስት፤
ላንተ ግንባር ግን ተገኘ፣ ቆጥሬአለሁ፣ ሠላሳ አምስት።
የአብዮት ጥበቃዋ ሴትዮ ቅርጫቱን ይዛ ታድል ነበር።
«እንደዚያ ዓይነት ሰው ነኝ ብለህ ፈርም፣ መርከብ ትሳፈራለህ» አሉህ፤
ዕድሜ ልክ የደበቅነውን ቃል በአንድ መስመር ጻፍከው፤ ማኅተም መቱልህ።
እኔ «እናቴን ማን ያስታምማት» ብዬ ቀረሁ።
ታማ ነበር፣ እውነት ነው።
ፈርቼም ነበር።

ደብዳቤህ ሦስት ጊዜ መጣ። አራተኛውን ሌላ ሰው ጻፈው።

በቅርቡ ደግሞ ረቂቁ ላይ አንዲት አንቀጽ ነበረች፣ «ሁለት ሰዎች» የምትል፣ ጋብቻን የፈታች፤
አብያተ ክርስቲያናቱ ፊርማ ሰበሰቡ፤ እሷም በጓሮ በር ወጥታ ቀረች።
የጎረቤቴ ልጅ ዩስኒየል በግንቦት ሃቫና ድረስ ባንዲራ ይዞ ሄዶ
ተመለሰ፣ ክርኑ ተልጦ፣ ሸሚዙ ተቀዶ።
ባንዲራውን የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ሐምራዊ ጨርቅ ባጣ
የእናቴን የፋሲካ ቀሚስ ቆረጥኩ። እሱም አብሮ ተቀማ።

እና እሑድ ያው መንግሥት «ትስማማለህ ወይ?» አለኝ፤
ያኔ የገፈተረኝ እጅ እርሳስ አቀበለኝ።
ዩስኒየል አልመጣም። «መብቴን ጎረቤት እጁን አውጥቶ አይሰጠኝም» አለ።
ልክ ነው፤ ምን እለዋለሁ? እኔ ግን ሰማንያ ሊሞላኝ ነው፣
ኩርፊያም ዕድሜ ይፈልጋል።

«አዎ» ላይ መስቀል አደረግኩ። ልጅቷ «ድምፅ ሰጡ!» ብላ ጮኸች፤
ቀጥላም እጄን አይታ፦ «አባባ፣ ጣትዎ የት ሄደች?»
«ቀደመችኝ» አልኳት።

ሰኞ በባትሪ ሬዲዮ ሰማሁ፤ ከመቶ ስድሳ ስድስቱ ፈቅዷል።
የቀረው እዚሁ ደረጃዬ ላይ ይኖራል፣
ዳቦ ሰልፍ ላይ ከፊቴ ይቆማል፣
አንዳንዴ «ደህና አደርክ» ይላል።
አልጨፈርኩም፣ ኡባልዶ። ወንበሩን በር ላይ አውጥቼ ተቀመጥኩ፤
ያንን የእንቁላል ቀን ግን፣ አላውቅም ለምን፣ እንደገና ቆጠርኩ።

ማታ ዩስኒየል መጣ፣ ያኮረፈው፣ ሱሪ በክንዱ አንጠልጥሎ፤
«በጥር ነው፤ ለሱ ነው፤ ሁለት ጣት ያህል ይጠር» አለ፣ ዓይኑን መሬት ጥሎ።
ሻማውን አስጠጋሁ።
ሁለት ጣት። በግራዬ ለካሁ፣ ሳትኩ፤ በቀኜ ደገምኩ።
«ና፣ ክሩን አስገባልኝ» አልኩት፤
«ዓይኔ ደክሟል።»