ዓይን ያለው ነገር

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል፣ አቶቴ ገና ሳይነቃ፣
እኔ ቆሜአለሁ፣ በእጄ ይዤ ምሳ ዕቃ፤
ክዳኑ ላላ ያለ፣ ብርቱካንማ ቀለም፣
ጎኑ ላይ የነበረው ቢራቢሮ አንድ ክንፉ የለም።
እናቷ ከፓርኩ፣ ከሌሊቱ ስፌት፣
እስክትመለስ ድረስ የኔ ነው ማዕድ ቤት።
ባጃጄ ደጅ ቆማ በጤዛ ትታጠባለች፤
ትርሲት ጥርሷን እያፋጨች ሌላ እንቅልፍ ትጀምራለች።

በሁዳዴማ ቀላል ነበር።
ሃምሳ አምስት ቀን ሙሉ፣ ከተማው እንዳለ
ሽሮ ነው፣ ምስር ነው፤ ማን ምን ጠየቀ፣ ማን ምን አለ?
የሷም ምሳ ዕቃ ከሰው ተመሳስሎ፣
ክክ አልጫ፣ ሩዝ በካሮት፣ ዳር ዳሩ ላይ ቆሎ።
ጣጣው የመጣው በፋሲካ ማግስት፣
አገሩ ሲገድፍ «አልገድፍም» ስትል ትርሲት።

ጥፋቱ የኔ ነው። ለበዓል ዓሣ ልግዛ ብዬ
አሞራ ገደል ወሰድኳት፣ ጋቢና አስቀምጬ፣ አባብዬ።
አባ ኮዳ ቆሟል፣ ኮስተር ብሎ እንደ ዕድር ዳኛ፣
አንጀት ሲወረወር ይቀልባል እንደ በረኛ።
አንድ ቆሮሶ ጣውላው ላይ፣ አፉን ከፍቶ፣ መልሶ፣
አየት አደረጋት፣ ቢላው ሳይመጣ ገስግሶ።
እሷም አየችው። በቃ።
«ዓይን ያለው ነገር ከእንግዲህ አልበላም።»
ሳቅሁ። በማግስቱ፣ ዶሮው ቀርቦ፣ ብትባል በማርያም፣
እጇ ከድፎው ዳቦ ፈቀቅ አላለም።
ወንድሟ ሊያበሽቃት፦ «ድንችም እኮ ዓይን አለው!»
ትንሽ አሰበችና፦ «አለው። ግን አያየኝም» አለችው።

ሰኞ ሽሮ ፍርፍር ላክሁ፤ እንዳለ ተመለሰ።
ማክሰኞ ምስር፤ እሱም አልተቀመሰ።
«ምነው?» «ናኦል እንቁላል፣ ሶሊያና ጥብስ አላት፤
የኔን ሲያዩ ‹አባትሽ ከስሮ ነው?› አሉኝ።» እንባ ቀደማት።

ያኔ ነው ቢላ ያነሳሁት።
ስኳር ድንች ቀቅዬ፣ ቀረጽኩት ባጃጅ አስመስዬ፣
ሦስት የካሮት ጎማ በስንጥር ሰክቼ፣ አደላድዬ፤
ለመብራቱ ሁለት ሽምብራ፣ ለሹፌሩ አንድ ባቄላ፣
ከኋላ ቲማቲም፣ ሒሳብ የሚያመልጥ በመላ።

ቀይ ሥር ግን ከዳኝ። በኮብልስቶኑ ተንጦ፣ ክዳኑ ላልቶ፣
ደብተሯን አቀላው፣ ከሒሳብ እስከ አማርኛ ገብቶ።
መምህርት ዘርፌ ደም መስሏት ደንግጣ ደወለችልኝ፤
ሞቢል ጋ፣ ሦስት ሰው እንደጫንኩ፣ ልቤ ሊወድቅ ሲል፣
«ይቅርታ፣ ቀይ ሥር ነው» አለችኝ።

ይህን የሰሙት ወይዘሮ ዱካሌ በአጥር በኩል ዋሳ አቀበሉ፣
በኮባ ቅጠል ጠቅልለው፣ «ለልጅቷ ነው» እያሉ።
«እጄ ወደ ቅቤው ሲሄድ ሦስቴ መታሁት» አሉኝ፤
በአቮካዶ ቀባሁት። ከጓሯቸው ሁለት ደግሞ ጨመሩልኝ።

ትናንት ባዶውን መጣ። ስንጥሩ ብቻ ቀርቶ።
«ናኦል አንዱን ጎማ ለመነኝ፣ ግማሽ እንቁላል አውጥቶ።»
«እና ለወጥሽው?»
«ጎማውን ሰጠሁት። እንቁላሉን ግን... አባ፣
እንቁላል ዓይን አለው?»

መልስ አልነበረኝም። ሌሊቱን ሙሉ አስቤ አሁንም የለኝም።
እኔማ ዓሣ እበላለሁ፤ አልዋሽም፣ አልተውኩም፤
ብቻ ከዚያ ወዲህ ሻጩን፣ ስገዛ ቀስ ብዬ፣
«ጭንቅላቱን ቁረጥልኝ» እለዋለሁ፣ ፊቴን ወደ ሐይቁ አዙሬ።

ነጋ። እናቷ ገባች፣ ክር ጸጉሯ ላይ እንዳለ፤
ከምሳ ዕቃው አንድ መብራት ሰርቃ በላች፣ ማን ምን አለ።
ሌላ ሽምብራ ፈልጌ ተካሁ፤ ክዳኑንም ገጠምኩ፤
እንዳይፈስ በከመነዳሪ ቁራጭ ወገቡን አሰርኩ።
«ትርሲት፣ ተነሺ» አልኩ፣ እግሯን በብርድ ልብሱ እየነካሁ።
ስትነሳ ያንን ጥያቄ እንዳትደግመው እየፈራሁ።