የብርቱካን ልጣጭ

ፀሐይዋ ወጥታ የደቻቱን አሸዋ ሳታግል፣
ከሌሊት የተረፈ ንፋስ ከቆርቆሮው ሳይነጠል፣
ብርቱካን እልጣለሁ፤
ሥጋውን ለዘበኛው ለኡመሬ እተዋለሁ፣
ልጣጩን ይዤ ወደ ሙሽሮቼ እገባለሁ።

ሙሽሮቼ ዝንቦች ናቸው፣ የሩዝ ፍሬ የማያክሉ፣
ክንፋቸው ዥንጉርጉር፣ ኩሬ ላይ የፈሰሰ ናፍጣ የተኳሉ።

ልጣጭ ሲያልቅብኝ፣ ቀፊራ አጠገብ ጭማቂ የሚሸጠው ሂርሲ
በጆንያ ያቆይልኛል፤
"ስንት ፍየል ነው ያለህ?" ይለኛል።
"አርባ ሺህ" እለዋለሁ፤ "ክንፍ ያላቸው።"
ይስቃል፤ "እንግዲያ ፍየል አይደሉም፣ ጂን ናቸው።"

በግራ በኩል ባለው የወንፊት ሳጥን
ስኳር ብቻ የቀመሱት ናቸው፤ ውሃ አጠጣን፣
ሌላ አልሰጠን።
በቀኙ ደግሞ እርሾ በልተው የጠነከሩ፣
ሌሊቱን ልጣጭ ላይ እየተንከባለሉ ያደሩ፣
ጠረኑን እንደ ጋቢ ተከናንበው የሚኩራሩ።

ከዚያ ሴቶቹን እለቃለሁ።
ሰዓቴን አይና ደብተሬን እገልጣለሁ።

ወንዱ ማንጎ ቅጠል ሥር ይንጠለጠላል፤
ጭራውን ቀስሮ ክንፉን ያርገበግባል፤
ዓይን የማያየውን ደብዳቤ በአየር ይልካል።
እሷ ትመጣለች። ፊት ለፊቱ ትቆማለች።
አትቸኩልም። ታሸታለች።
የስኳሩ ጎረምሳ ቢጨፍር፣ ቢሽከረከር፣ ቢንቀጠቀጥ፣
ጀርባዋን ሰጥታው እብስ ትላለች፣ ቃል ሳትመልስ፣ ሳትገላመጥ።
የልጣጩ ልጅ ግን ገና ሁለቴ ሲያርገበግብ፣
ከአሥር ሴት ሰባቷ እሺ፤ እኔም ልመዝግብ።

ሽማግሌ የላከ የለም፣ ጥሎሽም አልተቆጠረ፤
እዚህ ቤት የሚያገባው ልጣጭ ላይ ያደረ።

ደብተሬ ላይ ዓምድ አለ፣ በቀይ ያሰመርኩት፤
"የተታለሉ" ብዬ ነው ርዕስ የሰጠሁት።

ማክሰኞ ኦቦ ሙሜ መጡ፣ ባለ ማንጎው ጎረቤት፤
ዘንድሮ ፍሬው ትል አውጥቶ፣ ገበያ ሳይደርስ ያለቀባቸው መሬት ለመሬት።
ግንባራቸውን ወንፊቱ ላይ አስደግፈው አዩ፣ አዩና፣
"እነዚህ ይወልዳሉ?" አሉኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉና።

"አይወልዱም፤ ጨረር ነክቷቸዋል፣ ዘራቸው ደርቋል፤
ሴቷ እነሱን ከመረጠች እንቁላሏ ይመክናል፣
የእርስዎ ማንጎ ይተርፋል።"

ሳቁ፣ እስኪያስላቸው። "ያ ረቢ! ታዲያ
ለመካን ነው ይሄ ሁሉ ሽቱ፣ ይሄ ሁሉ መኳኳያ?"

እኔም ሳቅኩ። ብዕሬ ከእጄ ወደቀ።
ኪሴ ውስጥ ወረቀት አለ፣ አራት ላይ የታጠፈ፣ በላቤ የላሸቀ፤
የሆስፒታል ማኅተም ያለው፤ ስሜ አለ፣ ከስሜ ሥር ቁጥር።
ሐኪሙ ቁጥሩን ሲተረጉም፣ ባዶ መሆኑን ሲናገር፣
መስኮት መስኮቱን ነበር የሚያየው።

ማታ በባጃጅ ከሳቢያን ወደ ከዚራ ስመለስ፣
አንዷ "ማነው ብርቱካን የገዛ?" አለች፣ ፌስታል ፌስታላችንን ስታስስ።
ዝም አልኩ። የገዛ የለም።
ከጣቴ የሚተነው በሳሙና አይለቅም።

ኢፍቱ በረንዳ ላይ ናት፤ መብራት ጠፍቷል፤ ሙቀቱ ያው ሙቀት።
አንገቴ ሥር አሸተተችኝ፣ ልማዷ ነው ስድስት ዓመት።
"ከሙሽሮችህ ጋር ዋልክ?" አለች። ዘይቱን ገመሰች ለሁለት።
ውስጡ ቀይ፤ ዘሩ ደግሞ ብዛቱ፣ ማን ይቆጥረዋል።
ወረቀቱን ከሳህኑ አጠገብ አኖርኩት። በስልኳ ብርሃን ማንበብ ይቻላል።
አነበበች። እንደገና አነበበች።
የእኔን ግማሽ ወደ እኔ ገፋችና "ብላ" አለች።

ነገ ያን ዓምድ እሰርዛለሁ፤
"የመረጡ" ብዬ እጽፋለሁ፤
ወይም ባዶውን እተወዋለሁ።
ዝንቧን የጠየቃት የለም፣ ምን እንዳወቀች፣
ምን እያወቀች እንደቀረበች።

ኢፍቱ ወረቀቱን በታጠፈበት አጠፈችው፤
እንደ ማራገቢያ ይዛ ፊቷ ላይ አርገበገበችው፣
ኋላ ወደ እኔ አዞረችው።
ሙቀቱ ፈቀቅ አለ፤ ተመለሰ፤ ደግሞ ፈቀቅ አለ።
በረንዳው ላይ የብርቱካንና የዘይቱን ጠረን ተቀላቀለ።