ደፍ

በየዓመቱ በጥቅምት፣ ቦዩ ሲደፈርስ፣
የስኔኩ ባቡር ሌዋርደን ሲደርስ፣
ፍራውክዬ ትመጣለች፣ ቀኝ እግሯን እያነሳች፤
ሰው አያውቅባትም፤ እሷም ልትረሳው ደርሳለች፣
ከጉልበቷ በታች፣ ከቆዳዋ ስር
የሩዝ ፍሬ የምታህል ዘብ እንዳለች በስውር።

እኔ ቲመን እባላለሁ፤ ሐኪም አይደለሁም፤
ከመለካት በስተቀር ሌላ ሙያ የለኝም።
ስንት ኮረንቲ ይበቃል፣ ነርቩ ጥሪ እንዲሰማ፣
እንዳይበዛ፣ እንዳያንስ፣ ሳያቃጥል፣ ሳያደማ?
ያችን ቁጥር «ደፍ» እንላታለን፤ እንደ በር ደፍ፣
ከሷ ወዲህ ዝምታ ነው፣ ከሷ ወዲያ ማለፍ።

ድልድይ ጠባቂ ነበረች፤ ሥራውን ከአባቷ የወረሰችው፤
መርከብ ሲመጣ የምታነሳው፣ ሲያልፍ የምታወርደው፤
በዓሳ ማጥመጃ ዘንግ ጫፍ የእንጨት ጫማ ሰቅላ
ከየጀልባው ሳንቲም ትለቅም ነበር፣ በመስኮት ብቅ ብላ።
አርባ አራት ዓመቷ ላይ፣ ጭጋጉ ሳይገፈፍ አንድ ማለዳ፣
የረጋ ደም ራሷ ውስጥ መንገድ ዘጋ፣ ዱብ ዕዳ፤
ድልድዩን እንዳነሳች የራሷ እግር ወደቀ፤
ጀልባው አልፎ ሄደ፤ ጣቷ ግን ወለል ፋቀ።

ያን ጊዜ ነው የቀበርናት፤ ባትሪ የላት፣ ገመድ የላት፣
በላይዋ የታሰረ ቀለበት ቀለቧን በአየር ይልክላት።
ሥጋ እንግዳ ሲመጣበት መጀመሪያ ተቆጣ፤
አበጠ፣ ጋለ፣ ዙሪያዋን የጠባሳ አጥር አወጣ፤
ደፉም ሽቅብ ወጣ፤ እኛም ሌሊት አልተኛን፤
ቁጥር እንደ ወተት ድስት ነው፣ ዞር ሲሉ ይገነፍላል አልን።
በሰባተኛው ሳምንት ረጋ። ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ።
ከዚያ ወዲህ በየጥቅምቱ፣ ቦታው ላይ የሚጠብቀኝ።

ሁለተኛው ዓመት፦ ዘጠኝ። ባሏ ሲብረን ሌላ አገባ።
አራተኛው፦ ዘጠኝ። ድልድዩ ላይ ካሜራ ገባ፤
ጠባቂ የማያሻው ሆነ፣ ከሩቅ ክፍል በቁልፍ የሚነሳ፤
ሳቀች፦ «ድልድዬም እንደኔ እግር ሆነ፣ ባላየው እጅ የሚነሳ!»
ሰባተኛው፦ ዘጠኝ። የሠራት ኩባንያ ከሰረ፤
ስሙ ከሕንፃው ወረደ፤ መለዋወጫም ጠፍቶ ቀረ፤
የላላውን ቀለበት በገዛ እጄ ስበይደው
ከእንግዲህ ዘመዷ እኔ ብቻ ነኝ ብዬ ልቤን ኩራት ነፋው።

አሥራ ሁለተኛው ዓመት ላይ ቁልፉን ጫንኩ። እግሩ ዝም።
ዘጠኝ። ዝም። አንድ ነጥብ አንድ። ጣቷ አልተንቀሳቀሰም።
አንድ ነጥብ አራት ላይ ሲደርስ፣ እንደ ሰነፍ ተማሪ
ተነሳ። እርጥበት ግድግዳዋን ጥሶ ሲገባ ታየኝ፣ እንደ ሌባ ሰርሳሪ፤
ጠባሳው ሲወፍር ታየኝ፣ ነርቩ ሲሸሻት፣ ሲርቃት፤
ለፍራውክዬ እንዴት ብዬ፣ በየትኛው ቃል ልንገራት?

ዬልትዬ፣ አዲሷ ተለማማጅ፣ ከጎኔ ቆማ ቆይታ
«ቀለበቱ አንድ ጣት ያህል ወደ ግራ ሄዷል» አለች፣ አቅማምታ።
አየሁ። እጄ ነበር። ሁለት ዓመት የደበቅኩት መንቀጥቀጥ፤
ዓይኔም ነበር፣ እያየ የማያይ፣ ቁጥር ላይ ብቻ የሚያፈጥጥ።
ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ የከዳችው እሷ አይደለች፤
የሩዝ ፍሬዋ በቦታዋ፣ በጨለማዋ ቆማለች።

ዬልትዬ ቀለበቱን መልሳ ቁልፉን ስትጫን
ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ አለ። እግሩ ተነሳ፤ ዝም አልን።
ፍራውክዬ ጫማዋን አጠለቀች፤ ዓይኗ እጄ ላይ አረፈ፤
«ያንተስ ደፍ ስንት ነው?» አለች። ቃል ካፌ አላለፈ።

መዝገቡን ለልጅቷ ሰጠሁ፣ በዚያው ዕለት፣ ከነእስክሪብቶው።
ጣቢያው ድረስ ሸኘኋት። ነፋስ ነበር፤ እጄን ኪሴ ከተትኩት፣ እንደለመድኩት፣ ከዚያ አወጣሁት፤ ይየው የሚያየው።
የባቡሩን ደፍ ተሻገረች፣
ቀኝ እግሯን አስቀድማ፤ ወደ ታችም አላየች።