ጨው የማይበላው

ጠባሴ፣ ከአስፋልቱ ዳር፣ ቶርኖዬን በተከልኩበት፣
በጥቅምት ውርጭ ሞርሳው መዳፍ ይዞ በሚያስቀርበት፣
ወንድይራድ መጣ ማለዳ፣ ተሳቢውን በር ላይ አቁሞ፣
በሹራብ የጠቀለለውን እንደ ታመመ ጫጩት ተሸክሞ።

«ጨው በላብኝ» አለኝ፤ ፈታው፤ የዓሣ መዘውር ኖሯል፣
ክር የሚጠቀለልበት፤ ኩሽኔታው ነጭ አረፋ ተፍቶ ደርቋል።
ጅቡቲ ወደብ ተራ ሲጠብቅ፣ ሦስት ቀን፣ አንዳንዴም ሳምንት፣
ከአንድ የታጁራ ሽማግሌ የተማራት ብልሃት፤
የዶሮ ላባ ከመንጠቆ አስሮ፣ ዝንብ አስመስሎ መወርወር፣
ዓሣው ሲነክስ መሮጥ ነው፣ ክሩ እያፏጨ ከመዘውር።

እኔ ባሕር አላየሁም። የማውቀው ውኃ በሬሳን ነው፣
ክረምት ደፍርሶ የሚያስፈራ፣ በጋ በጫማ የምሻገረው።
ጨውንም የማውቀው በወጥ ነው። አያቴ ግን ከአልዩ አምባ
አሞሌ ጭኖ ዳገቱን ሲወጣ፣ ላብ የነካው የበቅሎው ጀርባ
እንደ አሮጌ ቆዳ ተልጦ ያየውን፣ ሲተርክ ትዝ ይለኛል፤
«ለምላስ ወዳጅ ነው» ይል ነበር፣ «ሌላውን ሁሉ ይበላል።»

ወንድይራድ ሌላ ሦስት አወጣ ከሻንጣው፤ አዳዲስ ናቸው፣
ከወደቡ ሱቅ በዱቤ ያመጣቸው።
«አንዱን ምረጥልኝ፣ ሁለቱን እመልሳለሁ፤
ዕድሜ ያለውን፤ በየዓመቱ መግዣ ከየት አመጣለሁ?»

አንደኛው ወርቅማ ነው፤ እንደ ሙሽራ ቀለበት ያበራል፤
ሱቁ እንዳያይ ከሥሩ ፋቅሁት፤ ወርቁ ጥፍሬ ውስጥ ገብቷል።
ብሎንም የለው፤ ዙሪያውን በሪቬት ተመትቶ ታስሯል።

ሁለተኛው ቀላል ነው፣ እንደ ባዶ የክብሪት ሳጥን፤
ፍሬኑን ባጠብቀው ይነክሳል፣ ባላላው ይለቃል ሁሉን፤
መሐል የለውም።
መሐል የሌለው ፍሬን ደግሞ፣ ጣርማ በር ቁልቁለት ላይ
አንተ ታውቀዋለህ አልኩት፤ አማተበ ወደ ሰማይ።

ሦስተኛው ግራጫ ነው፤ መልክ አልሰጠውም ሠሪው፤
ከበድ ይላል፤ ከአንድ ድፍን አሉሚኒየም ተፈልፍሎ የወጣ ነው፤
ብየዳ የለውም፤ ጨው የሚደበቅበት ጥግ የለውም፤
ጆሮዬ ላይ አድርጌ አዞርኩት፤ እንደ ተኛ ሰው ይተነፍሳል እንጂ አይንኳኳም።

ግን ጆሮዬንም አላምንም። ተለማማጄን አላምረውን
«ጨው በጥብጥ» አልኩት፤ ሁለት ብርጭቆ፤ በየብርጭቆው አንድ ብሎን፤
መስኮቱ ሥር ስምንት ቀን፣ ስምንት ሌሊት፤
ደጅ ያደረው ጀሪካን ሲረጋ፣ ብርጭቆዎቹ አልረጉም፤ የጨው ጉልበት!
በዘጠነኛው የቀላሉ ብሎን ሻይ መስሎ ውኃውን አቀላው፤
የግራጫው ፊቱ ደፈዘ እንጂ፣ ጥርሱን ጨው አልነካው።

አላምረው አጨበጨበ። እኔ ግን ገና ነበርኩ።
ግራጫውን ሞርሳ ላይ አኑሬ ብሎኖቹን ቆጠርኩ፤
ሦስት ናቸው፤ ፊት ለፊት ይታያሉ፤
በእኔው ካቻቪቴ ተፈቱ፤ ግራሶ ቀምሰው ገቡ ወደ ቦታቸው ሁሉ።
ያን ጊዜ ነው የመረጥኩት። አልዝግም የሚል ብረት ዋሾ ነው፤
የማምነው፣ ዝጌ ብገኝ ክፈተኝና እየኝ የሚለው።

ወንድይራድ አዲስ አበባ አራግፎ ሲመለስ አገኘሁት፤
ለቀላሉም አዲስ ብሎን ቆርጬ፣ ባለሱቁ እንዳይጮህበት፣ ሰጠሁት።
ፊቱ ጠቆረ፤ ውዱ ግራጫው ነው ለካ፤
የልጁን የትምህርት ቤት ክፍያ በልቡ ከመዘውሩ ጋር ለካ።
«ወርቁ ለዓይን ይሻል ነበር» አለ። ብርዱ አስነጠሰኝ።
«ከባሕር ስትወጣ በንጹሕ ውኃ እጠበው፤ ካላጠብከው ይህም ይበላል፣ እንዳትወቅሰኝ።»

ሄደ፣ ጣርማ በርን ሊወርድ፣ ከዋሻው ማዶ ወደ ሙቀቱ፤
ያ የተበላው አሮጌው ቀረኝ፣ ሞርሳው አፍ ውስጥ ከነዝገቱ።
ማታ ልዘጋ ስል፣ አላምረው መሄዱን አየሁና
ነጩን አረፋ በጣቴ ነክቼ ቀመስኩት፣ ጎንበስ አልኩና፤
መራራ ነው፤ ብረት ብረት ይላል፤ የወጡ ጨው አይደለም፤
በሬሳን ተሻግሬ ቤቴ እስክገባ ምላሴን አልለቀቀም።