ሆድ የሌለው ድምፅ

ዓርብ ነው፣ ቀትር አልፏል፣ ቂርያት ጋት ግላለች፤
የዎርክሾፔ ጣራ ቋ ቋ ትላለች።
አዲር መጣ በንዴት፣ ማዝዳውን አቁሞ፣
እንደ ጣባ የሰፋ ስፒከር ተሸክሞ።
«ሸወደኝ» አለኝ፣ «ያ የአሽቀሎኑ ሰው፣
ሦስት መቶ ሼኬል ወስዶ ስልክ የማያነሳው!
የኋላ ወንበር ላይ ጥዬ፣ ገመዱን ቀጥዬ፣
ድምፁን እስከ ጥጉ ከፈትኩት ቸኩዬ፤
ይንጫጫል እንጂ ሌላ የለም። ቤዙ የት ገባ?
ዓይኔ ያየዋል ሲዘል፣ ሲወጣ ሲገባ፤
ጆሮዬ ግን ባዶ።»

እኔ የእናቱ ባል ነኝ። አባቱ አይደለሁም።
ይህንን ራሱ ነግሮኛል፤ ደግሜ አልጠይቅም።
የኩሽና ቁም ሣጥን ሠሪ ነኝ፤
ሙዚቃ አላውቅም።
የእንጨት ሆድ ግን አውቃለሁ።

«ስጠኝ» አልኩት። ሾጣጣውን በጣቴ ገፋሁት፤
ሄደና ተመለሰ። በብርሃን አየሁት።
«ይህ ወደ ፊት ሲወጣ
ከፊቱ ያለው አየር ይታመቃል፣
ከጀርባው ያለው ይሳሳል፣ ይላላል።
ወደ ኋላ ሲስብ ነገሩ ይገለበጣል፤
የፊቱ ይጎድላል፣ የጀርባው ይሞላል።
አጥር የለ፣ ግድግዳ የለ፣
የጀርባው ዞሮ መጥቶ የፊቱን ያገኘዋል፣
ጉድጓዱን በጉብታ ይደለድለዋል፤
ሜዳ ነው የቀረህ።
ቀጭኑ ድምፅ አጭር ነው፣ ሳይያዝ ያመልጣል፤
ወፍራሙ ረዥም ነው፣ ዞሮ ራሱን ይውጣል።
ሰውዬው አልሸወደህም። ስፒከሩ ይናገራል፤
የተናገረውን ግን ራሱ ያፈርሳል።»

ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ።
ያ ጠባብ ሳሎናችን ትዝ አለኝ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፦
እኔ አንድ ቃል ስገፋ እሱ ሲስብ፣
እሱ ሲገፋ እኔ ስስብ፣
ዘነበች መሐል ቆማ ሰሃን ስታብስ፤
ሁለት ሰው ጮኾ ጮኾ፣ አንድም ነገር እሷ ዘንድ ሳይደርስ።

ሜትር መዘዝኩ። የማዝዳዋን ኋላ ለካሁ።
ባለ ዐሥራ ስምንት ሚሊ ኤምዲኤፍ አወረድኩ፤
ቀጭን ሳንቃ ወሬኛ ነው፣
የሰማውን ሁሉ አብሮ ያወራል።
«ትንሽ አድርገው» አለ፣ «ዕቃ መጫኛ ይትረፈኝ።»
«ሆደ ጠባብ ቶሎ ይቆጣል፣ ድምፁም ይታነቃል፤
ሆደ ሰፊ ይረጋል፣ ወደ ታች ይወርዳል።
ከልኩ ካለፈ ደግሞ የሚይዘው ያጣል፣
ሲዘል ይቀደዳል።
ውስጥ የታፈነው አየር ሞላ ነው፤
የወጣውን ይመልሳል፣
የገባውን ይገፋል።»
ሆድ ይፍጀው ይሉ የለ? ይኸው፣ የሚፈጅ ሆድ
በመጋዝ ስቆርጥ ዋልኩ።

በየማዕዘኑ ሲሊኮን ሳብኩ።
በመርፌ ቀዳዳ እንኳ አየር ያፏጫል።
አዲር የስልኩን መብራት ይዞ
የጣቴን ዱካ ይከተላል።
የሰንበት ሳይረን ሲጮህ ኮላው እርጥብ ነበር።
«አሁኑኑ እንሞክረው!»
«ኮላም ሰንበት አለው» አልኩት።
ሳቀ መሰለኝ፤ ወይም ሳለ።

ቅዳሜ ማታ፣ ሦስት ኮከብ ቆጥሮ፣
ስምንቱን ቪቴ አጠበቀ፣ ተንበርክኮ፣ አቀርቅሮ።
ለኮሰው።
መጀመሪያ የሰማው እግሬ ነበር፤
ከዚያ ጉልበቴ፤ ከዚያ ደረቴ፤
ጆሮዬ መጨረሻ ደረሰ።
አራተኛ ፎቅ አንዲት አሮጊት በሩሲያኛ ረገመችን፤
ዘነበች በመስኮት ብቅ አለች፣
እጇ ላይ ሰሃን፣
ሰሃኑ በጣቷ መሐል ሲርገበገብ ይታየኛል።

መዳፌን ሣጥኑ ላይ አሳረፍኩ።
ጀርባው ውስጡ አለ። አልወጣም፣ አልዞረም፣
ፊቱን አላጠፋም።

አዲር ዘጋው። ጸጥታው ራሱ ከበደ።
የመኪናዋን ቂጥ ዞሮ አየ፣ ቁጢጥ አለ፣
«ታርጋው ይንጫጫል» አለኝ፣ ቀና ሳይል።
«ቁራጭ ላስቲክ
ይኖርሃል?»

ኪሴን ዳበስኩ።