ከመጨረሻው ወንበር

ዱሉዝ ላይ ክረምቱ በጥቅምት ይጀምራል፤
ሐይቁ ከንፈር የለው፣ ግን ሌት ተቀን ያፏጫል።
እኔ የከተማው በረዶ ጠራጊ፣
የሌሊት ሹፌር ነኝ፣ አስፋልት ፈላጊ።
ድሮ ግን፣ በልጅነት፣
ሦስተኛ ትሮምቦን ነበርኩ፣ ከሚስተር ኮስኬላ ፊት።

የሦስተኛ ትሮምቦን ሥራው ምን እንደሆነ ማንም አይጠይቅም።
መቁጠር ነው። ሌላ የለም።
ቫዮሊን ሲያባብል፣ ክላርኔት ሲስቅ፣
ነሐስህን ጭንህ ላይ አጋድመህ መጠበቅ፤
ሰማንያ ሁለት ምት ዝምታ ቆጥረህ
በሰማንያ ሦስተኛው አንዴ ትናገራለህ፣
ከዚያ ደግሞ፦ አንድ፣ ሁለት...
“ዝምታውን የዘለለ ልጅ” ይለን ነበር፣ ጣቱን እያነሳ፣
“ሲነፋም ይዋሻል።” ሳቅን። ቆጠርን። ስንቴ ተሳሳትን፤ እሱ አንዷን አይረሳ።

እናቴ ስሙ አልያዝላት ብሎ “ነፊው” ነበር የምትለው፤
“ጉራ አይነፋ ምስኪን፣ የሚነፋው ቆርቆሮ ነው።”
በእሷ ቋንቋ ነፋስና ነፍስ የሚለዩት በአንዲት ፊደል፤
ብነግረው ጠመኔ አነሳ፤ አንድ ጠማማ “ፋ”፣ አንድ ጠማማ “ፍ” ሰሌዳው ላይ ሲስል፣
ከሥሩ “እንዳይጠፋ” ብሎ ጻፈበት፤ እስከ ሰኔ ቆየ ያ ምስል።

የብረት ማዕድን ቆፋሪ ልጅ ነው፣ ከኢቭለት፤
አባቱ ማታ ሲገባ ቀይ ነበር፣ ከጫማው እስከ ሽፋሽፍት።
በፊንላንዶቹ አዳራሽ ምድር ቤት አንድ የተጨረመተ ሆርን አገኘ፤
ቀዳዳውን በሻማ ሰም ደፈነ፣ ጎረቤቱን አስመረረ፣ ነፋ፣ ተመኘ።
ከዚያ ሃያ ሁለት ዓመት፣ በከተማው ኦርኬስትራ፣
መጨረሻው ረድፍ፣ ከቱባው በስተግራ።

አንድ የጥር ማታ የእንግዳውን መሪ በረዶ ሚኒያፖሊስ ላይ ያዘው።
አዳራሹ ሞልቷል። ሰው ካፖርቱን አውልቋል። ማን ይምራው?
ራይኖ ተነሳ።
ትሮምቦኑን ወንበሩ ላይ እንደ ሕፃን አስተኛና
በቫዮሊኖቹ መሐል አለፈ፣ “ይቅርታ፣ ይቅርታ” እያለ፣ በትሕትና።
በትር እንኳ አልያዘም። ኖታውን አልገለጠም።
ሃያ ሁለት ዓመት ዝም ብሎ የቆጠረ ሰው
የሌላው ሁሉ ድምፅ ለካ በቃሉ ነው።

ጋዜጣው አጨበጨበ።
ቦርዱ ግን ስመ ጥር ሰው ከሩቅ አስመጣ፤
ለራይኖ የደረሰው የልጆች ኮንሰርት፣ የአረጋውያን ቤት፣ የእኛም ክፍል ጣጣ።
ቂም ካለውም እንጃ።
የተጣበቀ ቁልፍ ዘይት እየቀባ ሲያንጎራጉር ነው የማውቀው፣
ከትምህርት በኋላ፣ መብራቱ ግማሹ ጠፍቶ፣ ካልሲው አንዱ ከአንዱ ሳይገጥም።
በአምሳ አራት ዓመቱ የከንፈሩ ጥግ ከዳው። አልነገረንም፤
“እንዲህ ንፉት” ብሎ መንፋቱን ትቶ፣ በአፉ መዝፈን ሲጀምር ነው ያወቅን እኛም።

ታኅሣሥ ላይ ሞተ።
ሰባት ሆነን ቦዩ ዳር ቆምን፣ ከተንቀሳቃሹ ድልድይ ሥር፤
አንዱ ጥርስ ሐኪም፣ አንዷ ፖሊስ፣ እኔ ከፈረቃ እንደወጣሁ፣ ሌሊቱን ሙሉ ስዞር።
የነሐሱን አፍ በብብታችን አሙቀን፣
ምራቃችን ሳይረጋ ቶሎ፣ አንድ ኮርድ ብቻ ነፋን።
ከዓመቱ የመጨረሻ መርከቦች አንዷ፣ ሆዷ ማዕድን ሞልቶ፣ በቦዩ ስታልፍ
ጮኸች፦ ረጅም፣ አጭር፣ ረጅም፣ አጭር።
ድምፅዋ ከእኛ ድምፅ በጥቂት ከፍ አለ፤ ጥርስ እንደሚያፏጭ ያህል፣ ጆሮ የሚቆረጥም።
ተያየን። ማንም አልሳቀም።
ከጀርባዬ ግን ሰማሁት፣ ያንን ጣት ሲያነሳ፦
“መርከቧ ልክ ነች። የቀዘቀዛችሁ እናንተ ናችሁ። እንደገና።”

ነሐሱን መልሰን ብብታችን ከተትን።
መቁጠር ጀመርን።