ቀይ መሆን

ሐሙስ ነው። የሂርማታ ገበያ ሞልቷል፤
የሌሊቱ ዝናብ ጭቃውን አቡክቶት ሄዷል።
ከመደቤ ፊት አንዲት ልጅ ቆማለች፣
ሻሿን እስከ ዓይኗ ድረስ ስባለች።
“ረውዳ ማለት አንቺ ነሽ?”
“ነኝ፤ ምን ላንሣልሽ?”
“ቀይ የሚያደርግ።”
ዝም አልኩ። ጠርሙሶቼን ደረደርኩ፣ ጥግ ለጥግ።

ቃሉ ለጆሮዬ እንግዳ አይደለም፤
እኔው ነኝ አምስት ዓመት የሸጥኩት፣ ያንን ቀለም፣
ጽሕፈቱን የማላነበው፣ በሣጥን የመጣ፣
በሳምንት የሚያበራ፣ በወር የሚያወጣ፤
ምን እንደሚያወጣ
ጉንጬን እዪው፤ ማድያት የተኛበት፣
ሒሳቡን ቆዳዬ የከፈለበት።

“ስሚኝ፣” አልኳት፣ “ቀይ አልሸጥም፤
ጠይምነትም በሽታ ሆኖ መድኃኒት አላየሁለትም።
ያለኝ ይኸ ነው፦
የጅሬን አቮካዶ፣ ከዛፉ የወደቀ፣
ወፍ የጀመረው፣ ነጋዴ የናቀ፤
ተልጦ፣ ተዳምጦ፣ ፀሐይ ላይ ሰንብቶ፣
በነጠላ ጨርቅ ተጨምቆ፣ ዘይቱ ወጥቶ።
ከአባ ጊሳ ቀፎ የተረፈ ሰም፣
አንድ ማንኪያ ማር፤ ሽቶ አልጨመርኩበትም።
እሬት፣ ከአጥሬ ሥር ዛሬ ጠዋት የቆረጥኩት፣
ቢጫ ውኃው እስኪወርድ ዘቅዝቄ ያቆየሁት፤
(ቢጫውን ያልደፋ ሌሊቱን ሲያክ ያድራል፣
ሲነጋም ከእሬት ጋር ዕድሜ ልክ ይጣላል።)
ደረቅ ቆዳ ከሆነ ያርሰዋል፣ ያለሰልሰዋል፤
ቀለምሽን ግን ያው እናትሽ እንደሰጠችሽ ይተወዋል።”

ክዳኑን ከፈተች፤ አሸተተች። “ሣር ሣር አለኝ።”
“ታዲያ ምን ሊል ኖሯል? እስቲ አንቺ ንገሪኝ።”
“ሠርጌ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው፤
የሙሽራው እህቶች ቀያይ ናቸው። ፎቶውን አስቢው።”
ጠርሙሱን መለሰች፤ “ግድ የለም” ብላ ወጣች፤
ሁለት ደጅ ተሻግራ ከሙክታር ሱቅ ገባች።
አልጠራኋትም።
እኔንም በጊዜዬ የጠራኝ አልነበረም።

ዝናቡ ቀረ። አዌቱ ጎደለ፤
የቦዬ ሣር ጫፉ ቢጫ ቢጫ አለ።
አንድ ማታ በሬ ተንኳኳ፣ በፈራ እጅ፤
እሷ ናት፤ ያች የሐሙሷ ልጅ።
ስሟን ያኔ ነገረችኝ፤ ኢፍቱ፣
ስሟ ራሱ ብርሃን ነው፤ ምን ጎደላት፣ በሞቴ፣ ከፊቱ?
ሻሿን ገለጠች።

ቀይ ሆናለች።

ቀይ፣ ልክ እንደተመኘችው፣
ከከሰል እንደወጣ ማጭድ፣ ውኃ እንዳልነካው።
ግንባሯ ተልጧል፣ አገጯ ውኃ ቋጥሯል፤
ፎቶው ግን ተነሥቷል፤ ሠርጉም አልፏል።

“አላልኩሽም ወይ” የሚሉት ቃል ቁስል ላይ ጨው ነው፤
እኔ ቤት ጨው ሞልቷል፤ ያን ማታ ግን አልነካሁት፣ ተውኩት እንዳለ ነው።
ቀዝቃዛ ውኃ ቀዳሁ፤ ንጹሕ ጨርቅ አወጣሁ፤
እሬቱን ሰንጥቄ ብርጭቆ መሳይ ሥጋውን ፈለቀቅሁ።
መጀመሪያ ክንዷ ላይ፣ ጠብታ። ጠበቅን።
ከዚያ ዳር ዳሩን፣ የተላጠውን ሳንነካ፣ ቀባን።
“ነገ ሐኪም ዘንድ እወስድሻለሁ፤” አልኳት፣
“ቅጠልም ልክ አለው።” እንባዋ መጣባት።
“አታልቅሺ፤ እንባም ጨው አለው፣ ያቃጥልሻል፤”
እያለቀሰች ሳቀች። “ሁሉም ነገር እኔን ያቃጥላል።”

ስድስት ወር ሆነ። ሐሙስ ሐሙስ ትመጣለች፣
አቮካዶ ትልጣለች፣ ትጨቀጭቀኛለች፦
“ስም ይኑረው፤ ክዳኑ ላይ አበባ ይሳልበት፤
ሣር ሣር የሚለውንስ አንድ ነገር በዪበት።”
ጥፍሯ አረንጓዴ፣ ክንዷ በዘይት የራሰ፤
ግንባሯ ላይ ያ ምልክት፣ ጠቁሮ የፈሰሰ።
አልጠፋም። አልዋሽም።
የኔም አልጠፋ፤ ጠርሙሴም እንዲህ ያለ ተስፋ አልተጻፈበትም።

ዛሬ አንዲት ሌላ መጣች፤ ሻሽ እስከ ዓይን፣
“ቀይ የሚያደርግ አለ?” አለችን።
አፌን ከመክፈቴ ኢፍቱ ቀደመችኝ፤
ቢላዋዋን አስቀምጣ፣ በክርኗ ገፋችኝ፤
ሻሿን ወደ ኋላ፣ ግንባሯን ወደ ብርሃን፣
ዓይኗን ወደ ልጅቱ ዓይን።
“ቀይ?” አለች፣ እጇን እየጠረገች በሽርጧ።
“ነበርኩ። ለሦስት ሳምንት።”